ካፋላ እንዴት ይሠራል? ቤሩትን ይዘን እንየው

ከሰፈራችን አንዲት ልጅ አረብ አገር ስትገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማዳሟ እንዴት ናት?» ብለን ነው። ደህና ናት ከተባለ እፎይ እንላለን። ክፉ ናት ከተባለ «እንግዲህ ዕድሏ ነው» ብለን ከንፈር እንመጣለን። ጥያቄው ከማሰብ የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም። ግን ትልቁን ጥያቄ ይሸፍንብናል። የአንዲት ሠራተኛ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ደመወዝ፣ ስልክ፣ አገሯ የመመለስ መብቷ ጭምር በአሠሪዋ ጠባይ ላይ የሚወድቀው ለምንድነው?

መልሱ ካፋላ የሚባለው አሠራር ነው። ስሙን ያልሰማ የለም። አሠራሩን ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው በቁርጥራጭ ነው። አንዷ «ተናዙል (የመልቀቂያ ወረቀት) ከለከለችኝ» ትላለች። ሌላዋ «ሁሩብ አደረጉኝ» ትላለች፤ ጠፍታለች ብለው አመለከቱብኝ ማለቷ ነው። ሦስተኛዋ «ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) አልቋል፣ መንቀሳቀስ አልችልም» ትላለች። እዚህ ቁርጥራጮቹን ለመገጣጠም እሞክራለሁ።

አገሩ ብዙ ስለሆነ ሊባኖስን ይዤ እሄዳለሁ። ከ2019ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ በፊት በሊባኖስ ወደ 250,000 የሚጠጉ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች እንደነበሩ ይገመታል። ትልቁን ቁጥር የያዙት የእኛ ሴቶች ነበሩ። ሠራተኞቹ ራሳቸው አደባባይ ወጥተው ሲታገሉ በግልጽ ያየነውም እዚያ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።

ወረቀቱ በማን እጅ ነው?

የውጭ ዜጋ በየትኛውም አገር ለመኖርና ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልገዋል። በተለመደው አሠራር ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚነሳውም መንግሥት ነው። በካፋላ ግን መንግሥት ይህን ሥልጣን ለግለሰብ ያስረክባል። ያ ግለሰብ ካፊል ይባላል። በቤት ሥራ ላይ ካፊሉ ያው አሠሪው ነው። ቪዛው የሚወጣው በእሱ ጥያቄ ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ነው። ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ቤት መዛወር ብትፈልግ ተናዙሉን የሚፈርመው እሱ ነው።

አሁን አንዲት ሠራተኛ የስድስት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም እንበል። ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ ሌላ ይፈልጋል፣ ካሰኘውም ይከሳል። እሷ ግን ያለ ፈቃድ ከበሩ ስትወጣ ሕጋዊነቷን ታጣለች። አሠሪው የውጭ ዜጎችን ፈቃድ ለሚቆጣጠረው ለጠቅላላ ደኅንነት መሥሪያ ቤት «ጠፍታለች» ብሎ ያመለክታል። ብዙ ጊዜ «ሰርቃኝ ነው የጠፋችው» የሚል ክስም ይጨምርበታል። እንግዲህ ደመወዟን የተቀማችው ሴት ተፈላጊ ሆነች፣ ደመወዟን የበላው ሰው ደግሞ ከሳሽ። ካፋላ ማለት ባጭሩ ይሄ ነው። በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለ የደመወዝ ክርክር በአንድ ስልክ ጥሪ የፖሊስ ጉዳይ ይሆናል። ፖሊሱም የሚፈልገው እሷን ነው።

የሚገርመው፣ «የካፋላ አዋጅ» የሚባል አንድ ሰነድ ሊባኖስ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም። የቪዛ መመሪያ፣ የጠቅላላ ደኅንነት አሠራርና የቆየ ልማድ ተደማምረው የሠሩት ነገር ነው። ትልቁን ቀዳዳ የከፈተው ግን ሕግ ነው። በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ያስወጣል። ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት ገደብ፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አንዱም አይመለከታቸውም። ሕጉ ሲወጣ በሰው ቤት የሚሠሩት የገጠር ሊባኖሳውያንና የጎረቤት አገር ድሆች ነበሩ። የስሪላንካ፣ የፊሊፒንስና የኢትዮጵያ ሴቶች የመጡት ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ቀዳዳው ግን ሳይደፈን ጠበቃቸው።

በ2009 የሥራ ሚኒስቴሩ ለቤት ሠራተኞች አንድ ወጥ የኮንትራት ቅጽ አወጣ። ዕረፍትም ደመወዝም ተጽፎበታል። ሠራተኛዋ የምትፈርመው ግን በማታነበው ዐረብኛ ነበር። ባይከበርላት ደግሞ ለማመልከት መጀመሪያ ከቤት መውጣት አለባት። ያለ ፈቃድ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ከላይ አይተናል።

«ከፍዬባታለሁ»

የሰው ክፋት ብቻውን ይህን ሁሉ አያስረዳም። ስለ ገንዘቡ እናውራ።

አንድ የቤሩት ቤተሰብ ሠራተኛ ሲፈልግ ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጣሪ ኤጀንሲው፣ ይሄዳል። ከቀውሱ በፊት በነበረው ዋጋ 2,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ይከፍላል። ቲኬቱ፣ ወረቀቱ፣ እዚህ ኢትዮጵያ ያለው ደላላ የሚወስደው ድርሻና የመክተቡ ትርፍ ሁሉ ከዚያ ይወጣል። ልጅቷ ከዚህ ብር አንድ ሳንቲም አታይም። ቤተሰቡ ግን «ይህን ሁሉ ከፍዬባታለሁ» ይላል። ከፍዬባታለሁ ያለ ሰው በሩን ይቆልፋል። ብትሄድ ብሩም አብሯት ይሄዳላ!

መክተቡ ደግሞ ለደንበኛው ዋስትና ይሰጣል፤ ባብዛኛው የሦስት ወር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛዋ ብትታመም፣ ብታረግዝ፣ ወይም እንዲያው «አልተመቸችኝም» ቢባል ትመለስና ሌላ ትተካለች። ዕቃ ስንገዛ የሚሰጠን ዓይነት ዋስትና ነው። ይህ በራሱ ያስጠላል። የሚብሰው ግን ሌላው ጎኑ ነው። በእነዚያ ወራት ልጅቷ አልሠራም ካለች የሚከስረው መክተቡ ነው። እና ልጅቷ ደውላ «ውሰዱኝ፣ እዚህ ቤት መኖር አልችልም» ስትል ስልኩን የሚያነሳው ሰው ዝምታዋ የሚጠቅመው ሰው ነው። መክተብ ውስጥ ተደብድባ ወደዚያው ቤት የተመለሰች ሴት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው። ድብደባው የአንድ ጨካኝ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሒሳቡ የሚጠይቀው ነገር ነው።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ፣ ከቀውሱ በፊት የሊባኖስ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 675,000 ሊራ ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 450 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ብዙዎቹ የእኛ ሴቶች የሚያገኙት ግን ከ150 እስከ 200 ዶላር ነበር። ፊሊፒናዊት ለተመሳሳይ ሥራ እጥፍና ከዚያ በላይ ትጠይቅ ነበር። መጥረጊያው ያው፣ ሕፃኑም ያው። ዋጋው የሚወጣው በዜግነት ነው። የእኔ ግምት፣ አንድ አገር ለዜጋው ምን ያህል ይከራከራል የሚለውም ዋጋው ውስጥ ይገባል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሠሪዎቹ ራሳቸው ምን አሉ?

በ2016 የዓለም የሥራ ድርጅት ሊባኖስ ውስጥ 1,200 አሠሪዎችን ጠይቆ ያጠናቀረውን ጥናት አወጣ። ልብ በሉ፣ የተጠየቁት ሠራተኞቹ አይደሉም። ከመቶ 94ቱ አሠሪዎች የሠራተኛዋን ፓስፖርት እኛ ነን የምንይዘው አሉ። ከአምስት አንድ የሚሆኑት ሁልጊዜ ወይም አንዳንዴ በሩን እንደሚቆልፉባት ተናገሩ።

ከቁጥሩ በላይ የሚያስደነግጠው ይህን ለማያውቁት ጠያቂ በግልጽ መናገራቸው ነው። ጥፋት መሆኑ አልታያቸውም። ብዙዎቹ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ጎረቤት ሲታመም የሚጠይቁ። የሚቆልፉት «ብትጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ» ብለው ነው። ሥርዓቱ ደጉንም ሰው ዘበኛ ያደርገዋል። ለዚህ ነው «ጥሩ ማዳም ገጠማት» ሲባል ሙሉ በሙሉ እፎይ ማለት የሚከብደኝ። ጥሩዋም ማዳም ፓስፖርቱን መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ነገ ብትሞት ወይም ጠባይዋ ቢለወጥ ልጅቷ ምንም መተማመኛ የላትም።

የተቆለፈ በር ፎቅ ላይ ሲሆን የሚያመጣውን ደግሞ እናውቃለን። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2008 ያወጣው ቁጥር ይህ ነው። ከጃንዋሪ 2007 እስከ ኦገስት 2008 ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ሊባኖስ ውስጥ ሞተዋል። 40ዎቹ ራስን ማጥፋት ተብለው ተመዘገቡ። 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ነው፤ ብዙዎቹ ለማምለጥ ሲሞክሩ። በሕመም የሞቱት 14 ብቻ ናቸው። ከአገራቸው ሲወጡ የጤና ምርመራ ያለፉ ሴቶች ናቸው እነዚህ።

በማርች 2012 አንድ የሊባኖስ ቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ቪዲዮ አሳየ። አንድ ሰው አንዲትን ኢትዮጵያዊት መንገድ ላይ እየጎተተ፣ እየደበደበ፣ በግድ መኪና ውስጥ ሲከታት ይታያል። ከቀናት በኋላ ሴትየዋ በተወሰደችበት የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ በገዛ እጇ አለፈ። ያኔ አገር ምድሩ ስለ ሰውየው ጭካኔ አወራ። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ቦታው ነው። የተጎተተችው ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ነው። አንድ ዜጋ በሰው አገር የመጨረሻ መጠጊያዬ ብሎ የሚደርስበት በር ላይ ደርሳ ነበር።

የጠፉትስ?

ከአሠሪ ቤት ጠፍቶ መውጣት ነፃነት ይመስላል፤ በከፊልም ነው። ክፍል በጋራ ይከራያሉ፣ በቀን እየተከፈላቸው በየቤቱ ይሠራሉ። ፍሪላንስ ይባላል። ገቢው ከኮንትራቱ ይሻላል። ወረቀት ግን የለም። አንዳንዶቹ ለስም ብቻ ካፊል ለሚሆናቸው ሊባኖሳዊ በየዓመቱ እየከፈሉ መኖሪያ ያሳድሳሉ። ሰውየው ምንም ሳይሠራ ስሙን ያከራያል ማለት ነው። በፍተሻ የተያዘች ሴት ለረጅም ዓመታት የምትወሰደው አድሊየ ወደሚባለው ማቆያ ነበር። ድሮ የመኪና ማቆሚያ የነበረ፣ ከድልድይ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው፤ ፀሐይ አይገባበትም።

ለምን አንከለክልም?

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የሚለው አንድ ነው። «ለምን መንግሥት ጨርሶ አይከለክልም?» ተከልክሎ ያውቃል። ኢትዮጵያ በ2008 ዜጎቿ ለሥራ ወደ ሊባኖስ እንዳይሄዱ አገደች። ሊባኖስ ቪዛ መስጠቷን አላቆመችም፣ ሰዉም መሄዱን አላቆመም። በሱዳንና በሌሎች አገሮች በኩል ዞሮ ገባ። በኦክቶበር 2013 እገዳው ሰፍቶ መላውን መካከለኛው ምሥራቅ ሸፈነ። በዚያው ሰሞን ሳውዲ በጅምላ ማባረር ጀመረች። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከእነሱ ብዙዎቹ እንደገና ወጡ። እገዳው የተነሳው በ2018 ነው። በእነዚያ ዓመታት ያተረፉት ደላሎች ናቸው። ቆንስላው ደግሞ በሕግ የሌሉ ሴቶችን መመዝገብ አልቻለም።

ፊሊፒንስም አግዳ ታውቃለች፤ አኳኋኗ ግን ሌላ ነው። በ2018 መጀመሪያ የአንዲት ፊሊፒናዊት ሬሳ ኩዌት ውስጥ በአንድ አፓርታማ ፍሪዘር ውስጥ ተገኘ። መንግሥቷ አዲስ ሠራተኛ መላክ አቆመና ድርድር ጀመረ። ኩዌት ሠራተኛ ያስፈልጋታል። በሜይ ወር ስምምነት ተፈረመ። አሠሪ ፓስፖርት መያዝ አይችልም፣ ስልክ መንጠቅ አይችልም የሚል በጽሑፍ ገባ። አተገባበሩ ሙሉ ነው አልልም። ግን እገዳውን እንደ መደራደሪያ ተጠቀሙበት። ከላይ ስለ ደመወዝ ልዩነት ስናወራ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህን ነው።

ሠራተኞቹ ሲደራጁ

ጃንዋሪ 25 ቀን 2015 እሁድ ነበር። የቤት ሠራተኛ ዕረፍት ካላት እሁድ ነው። በዚያ ዕለት ከተለያዩ አገሮች የመጡ ሴቶች ቤሩት ውስጥ የቤት ሠራተኞች ማኅበር መሥራች ጉባኤ አደረጉ። አንድ የሊባኖስ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን ከጎናቸው ቆመ። በአካባቢው የመጀመሪያው ማኅበር ነው ተባለለት። የሥራ ሚኒስትሩ ወዲያው ሕገወጥ ነው አሉ። ያው የ1946ቱ ሕግ ነው እንደገና። የውጭ ዜጎች በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ እንዲመርጡም እንዲመረጡም አይፈቅድም፤ የቤት ሠራተኛን ደግሞ ጭራሽ ሠራተኛ ብሎ አይቆጥርም።

በ2016 መጨረሻ ሁለት ኔፓላውያን አደራጆች ተይዘው ከአገር ተባረሩ። ካፋላ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም እንዳለው እናያለን። አንድን የማኅበር መሪ ዝም ለማሰኘት ረጅም የፍርድ ቤት ክርክር አያስፈልግም። የመኖሪያ ፈቃዱን መንካት ይበቃል።

እነሱ ግን አላቆሙም። በየዓመቱ በሜይ ዴይ ሰሞን፣ እሁድ ቀን፣ የቤሩትን ጎዳና ሞልተው «ካፋላ ይውደም» እያሉ ሰልፍ ሲወጡ ቆይተዋል። በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ራሳቸው «እኛ ለእኛ በስደት» የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ስሙ እንደሚለው ነው ሥራውም። ለተጣለች ሴት ክፍል ይከራያል፣ የታመመች ያሳክማል፣ ቲኬት ገዝቶ አገሯ ይሸኛል፣ በደሉንም በአደባባይ ያወራል። መሥራቾቹ የተማሩ ጠበቆች ወይም ዲፕሎማቶች አልነበሩም። ቀን የሰው ቤት የሚያጸዱ ሴቶች ናቸው።

የ2020ው ዓመት ሁሉንም ነገር ፈተነው። ሊራው ወደቀ፣ ዶላር ጠፋ፣ ኮሮና መጣ። አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ሃዝሚየ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ፊት ለፊት ከነሻንጣቸው ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ የወራት ደመወዝ ቀርቶባቸዋል፣ ፓስፖርታቸውም በእጃቸው አልነበረም። አስፋልት ላይ አደሩ። የካፋላ ጠበቆች ሁልጊዜ የሚሉት «ለሠራተኛዋ ኃላፊነት የሚወስድላት ሰው እንዲኖር ነው» የሚል ነው። ኃላፊነት የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ የሆነው ይሄ ነው። ኦገስት 4 ላይ ደግሞ የቤሩት ወደብ ፈነዳ። ከሞቱትና ከቆሰሉት መካከል የውጭ አገር ሠራተኞችም ነበሩ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የሥራ ሚኒስቴሩ አዲስ ኮንትራት አወጣ። ከድሮው በጣም ይለያል። በሳምንት 48 ሰዓት ሥራ፣ የሳምንት ዕረፍት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የሕመም ፈቃድ። ዋናው ግን ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች ይላል። ፓስፖርቷም በእጇ ይሆናል። ይህች አንዲት አንቀጽ ብትተገበር ኖሮ ካፋላ ወገቡ ይሰበር ነበር። ለዚህም ነው አስቀጣሪ ኤጀንሲዎቹ በማኅበራቸው በኩል ተሯሩጠው የከሰሱት። የሊባኖስ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ሹራ ምክር ቤቱ፣ በኦክቶበር ኮንትራቱን አገደው፤ የኤጀንሲዎቹን ጥቅም ክፉኛ ይጎዳል በሚል። የሠራተኞቹ ጥቅም በሚዛኑ ላይ አልወጣም።

ያው ኦክቶበር ግን ሌላም ነገር አመጣ። አንዲት ኢትዮጵያዊት ቀድሞ አሠሪዋንና አስቀጣሪ ኤጀንሲውን በባርነትና በባሪያ ንግድ ከሰሰች። ከስምንት ዓመት በላይ ቤት ተዘግቶባት እንደሠራች፣ ደመወዟም ገና በጠዋቱ እንደተቋረጠ ነው አቤቱታዋ የሚለው። በሊባኖስ እንዲህ ዓይነት የወንጀል ክስ የመጀመሪያው ነበር። ክሱ የመጣው ከሥራ ሕጉ ሳይሆን ከወንጀል ሕጉ በኩል ነው። የሥራ ሕጉ «አንቺን አላውቅሽም» ቢላት ጠበቆቿ ሌላ በር አንኳኩ። እኔ ይህን ብልህ አካሄድ እለዋለሁ።

በ2024 መጸው የእስራኤል ቦምብ ደቡብ ሊባኖስንና ቤሩትን ሲመታ የድሮው ታሪክ ተደገመ። አንዳንድ አሠሪዎች ሲሸሹ ሠራተኛዋን «ቤት ጠብቂ» ብለው ቆልፈውባት ሄዱ። መጠለያዎች የውጭ ዜጋ አንቀበልም አሉ። ያስጠለሏቸውና ያበሏቸው በአመዛኙ እነዚያው የስደተኛ ማኅበራትና ጥቂት በጎ ሊባኖሳውያን ናቸው።

«ካፋላ ቀረ» የሚለው ዜና

በየጊዜው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች «ካፋላ ተሰረዘ» የሚል ዜና ይመጣል። አንዳንዱ እውነት አለው። ኳታር፣ ለዓለም ዋንጫው ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ሲሆን፣ በ2020 ሠራተኛ ያለ ቀጣሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር በሕግ ፈቀደች። ከማርች 2021 ጀምሮ ደግሞ የቤት ሠራተኛን ጨምሮ ለሁሉም የሚሠራ 1,000 ሪያል ዝቅተኛ የወር ደመወዝ ደነገገች። ሳውዲም በ2021 ማሻሻያ አድርጋለች፤ ግን የቤት ሠራተኞች፣ የቤት ሾፌሮች፣ አትክልተኞችና እረኞች አልተካተቱበትም። ብዙዎቹ የእኛ ሰዎች የሚሠሩት ደግሞ እነዚህኑ ሥራዎች ነው። ኩዌት በ2015፣ የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች በ2022 ለቤት ሠራተኞች የተለየ ሕግ አውጥተዋል፤ የሳምንት ዕረፍትና የ30 ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል።

እንዲህ ያለ ዜና ስሰማ ርዕሱን ትቼ የማየው ሁለት ነገር ነው። የቤት ሠራተኛ ተካታለች ወይ? ደመወዝ ሳይከፈላት ብትወጣ አሠሪዋ አሁንም «ጠፍታለች» ብሎ ተፈላጊ ሊያደርጋት ይችላል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ «አዎ» ከሆነ የተቀየረው ስሙ ነው። ጁን 16 ቀን 2011 ጄኔቫ ላይ የጸደቀው የዓለም የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189 የሚባለው፣ የቤት ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ ናት ይላል። ሊባኖስም የባሕረ ሰላጤው አገሮችም አላጸደቁትም።

እዚህ አገር ያለው ሕግ

ስለ እነሱ ሕግ ይህን ያህል ካወራን የራሳችንን እንይ። ዋናው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዓ.ም. ነው፤ በአዋጅ 1246/2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ወጪን የሚመለከተውን ክፍል ነው። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ተጓዧ የምትሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የልደት ማስረጃ ያሉትን ነው። ስለዚህ «ለቪዛው ይህን ያህል ሺህ ብር አምጪ» የሚላት ሰው በሕጉ ያልተፈቀደ ነገር እየጠየቃት ነው። ላም ተሸጦ፣ ዕቁብ ተጥሎ፣ በአራጣ ተበድሮ የሚከፈለው ገንዘብ ባብዛኛው ይህ ነው። ዕዳ ያለባት ሴት ደግሞ ቢደበድቧትም አትመለስም፤ በምን ፊቷ?

ሌላው የኤጀንሲው ተጠያቂነት ነው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ የላካት ሠራተኛ ኮንትራቷ ሲጣስ፣ ኤጀንሲው ከውጭ አገር አሠሪው ጋር በጋራና በተናጠል ይጠየቃል። ክርክሩ የግድ ቤሩት ወይም ሪያድ ድረስ አይሄድም ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚከሰስ፣ አድራሻው የታወቀ አካል አለ። ይህ የሚሠራው ግን ጉዞው በሕጋዊ መንገድ ሲሆን፣ ኮንትራቱም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ሲያልፍ ነው። ደላላው «ኮንትራቱ ይዘገያል፣ በጉብኝት ቪዛ ቶሎ ትገቢያለሽ» ሲላት ይህ መብት አብሮ ይቀራል። ኮንትራት ያላት ደግሞ ኮፒውን፣ የፓስፖርቷን ፎቶና የኤጀንሲውን ደረሰኝ ለቤተሰብ ትታ ትሂድ። የያዘችው ቦርሳ እዚያ እንደደረሰች ሊወሰድባት ይችላል።